ሩምፊየስ፦ ዛጎልን በጣቶቹ ያነበበው ሰው

በዚህ ጽሑፍ የማካፍላችሁ ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ የሆነውን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙ ጌኦርግ ኤበርሃርድ ሩምፊየስ ይባላል። በ25 ዓመቱ ከአገሩ ወጣ፤ ሳይመለስም ቀረ። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ በሌሎች ዓይንና በራሱ ጣቶች የባሕር ቀንድ አውጣዎችን መርምሮ፣ ዛሬም ሳይንቲስቶች የሚጠቅሱትን መጽሐፍ አዘጋጀ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየውን ለምን እንደመረጥኩት በአጭሩ ልንገራችሁ። ዛጎል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከሥሩ ጥርስ ያወጣ የሚመስል ትንሽ ጌጥ። አንቀልባ ላይ ተሰፍቶ፣ የቆዳ ዕቃ ላይ ተደርድሮ ወይም ዛጎል ጣይ ፊት ተበትኖ እናውቀዋለን። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ዛጎል ዕቃ ነው። እኔም የጀርባ አጥንት ስለሌላቸው እንስሳት የሚያስተምር ኮርስ ስወስድ ነበር ዛጎሉን የሠራውን እንስሳ በቅርብ የተዋወቅኩት፤ የሩምፊየስን ስም ያገኘሁትም በዚያው ነው። እሱ በኖረበት ዘመን ባሕር አጠገብ የሚኖሩት የአውሮፓ ባለጠጎችም ቢሆኑ ዛጎልን የሚያዩት እንደ ዕቃ ነበር። ባዶውንና የተወለወለውን ዛጎል በውድ ዋጋ እየገዙ በመሳቢያ ይደረድሩ ነበር። ስመ ጥሩው ሠዓሊ ሬምብራንት በ1650 አንድ ዛጎል በመዳብ ላይ ቀርጾ ሲያትም ጥምዝምዙ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ዞሮ ወጣ። እንስሳውን ለማያውቅ ሰው ጥምዝምዙ ወደ ግራ ዞረ ወደ ቀኝ ለውጥ የለውም። ሩምፊየስ ግን ጥያቄውን ቀየረው። ይህ የማን ቤት ነው? የት ይኖራል? ምን ይበላል? የአገሩ ሰዎችስ ምን ብለው ይጠሩታል?

ሩምፊየስ የተወለደው በ1627 በጀርመን፣ ሄሰን በሚባለው አካባቢ ነው። አባቱ የግንባታ ባለሙያ ነበሩ። ልጁ ሃናው በሚባል ከተማ ጥሩ ትምህርት ቤት ገብቶ ላቲን ተማረ። ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነት ጀርመንን አመድ አድርጓት ነበርና፣ ወጣቱ ከአገር መውጣትን ናፈቀ። በ18 ዓመቱ ገደማ ለቬኒስ ወታደር ትሆናለህ ተብሎ ተመለመለ። መርከቡ ግን ወደ ብራዚል የሚሄድ ሆኖ ተገኘ፤ ብራዚልም ሳይደርስ ፖርቱጋል ላይ ቀረ። እዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከፖርቱጋል ወደቦች ስለ ምሥራቁ ዓለም የሰማው ወሬ ግን አላስቀመጠውም። በ1652 መጨረሻ በሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በወታደርነት ተቀጥሮ እንደገና ተሳፈረ። በቀጣዩ ዓመት ባታቪያ ደረሰ፤ ዛሬ ጃካርታ የምንላት ናት። ከዚያም በ1654 ወደ አምቦን ደሴት ተላከ። ቀሪው ዕድሜው ሁሉ ያለቀው እዚያ ነው።

ኩባንያው ምን ዓይነት ድርጅት እንደነበረ ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይደለም። አምቦን የምትገኘው ሞሉካ በሚባሉት ደሴቶች መካከል ነው፤ ዛሬ የኢንዶኔዥያ ግዛት ናቸው። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ የመጀመሪያ አገሩ ሞሉካ ነው። ገውዝ ደግሞ የባንዳ ደሴቶች ተክል ነው። ኩባንያው ሁለቱንም ቅመሞች በብቸኝነት ለመነገድ ሲል ጦርነት ከፍቷል፤ ከእሱ ቁጥጥር ውጭ የበቀሉ የቅርንፉድ ዛፎችን አስቆርጧል፤ የባንዳን ሕዝብም በ1621 ፈጅቶ የተረፈውን በትኗል። በባዶው ምድር ላይ ደግሞ ከሌላ ቦታ በባርነት ያመጣቸውን ሰዎች አሰፈረ። ሩምፊየስ እንጀራው የተጋገረው በዚህ ኩባንያ ምጣድ ላይ ነው። መጽሐፉን ሳነብ የተፈጥሮው ውበትና ይህ ግፍ አብረው እንዳሉ አልረሳም፤ እናንተም እንድትረሱ አልፈልግም።

ወታደርነቱ አልዘለቀም። በ1657 ወደ ሲቪል ሥራ ተዛወረና በደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ ሂቱ ዳርቻ ላይ የኩባንያው የንግድ ሠራተኛ ሆነ። ቀን የቅርንፉድ ሒሳብ ይይዛል፤ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ባሕር ዳር ይወርዳል። ሱዛና የምትባል ሴት አገባ፤ ልጆችም ወለዱ። ዕፀዋት ፍለጋ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ጓደኛና ረዳት እሷ ነበረች።

አምቦን ለባሕር ቀንድ አውጣ ተመራማሪ የተመቸች ቦታ ናት። ደሴቲቱ ሁለት ረጃጅም ልሳነ ምድሮች በአንዲት ቀጭን መሬት የተያያዙባት ናት፤ በመካከላቸው ጥልቅ የባሕር ወሽመጥ ይገባል። ስለዚህ በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ብዙ ዓይነት መኖሪያ ይገኛል። ማዕበል የሚመታው አለት አለ፤ ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ የበቀለ ኮራል አለ፤ ነጭ አሸዋና የባሕር ሣር አለ፤ ሥራቸውን ጭቃ ውስጥ የተከሉ የማንግሮቭ ዛፎችም አሉ። እያንዳንዱ መኖሪያ የራሱ ነዋሪ አለው። ጭቃ የሚወደው ቀንድ አውጣ ኮራል ላይ አይገኝም፤ አለት ላይ የሚጣበቀውም አሸዋ ውስጥ አይቀበርም። ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶችና ልጆች ቅርጫት ይዘው ወደ ተራቆተው ዳርቻ ይወጡና የሚበላውን ይለቅማሉ። በአምቦን ማላይኛ ዛጎል ያላቸው የባሕር እንስሳት በጥቅሉ ቢያ ይባላሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዓይነት መለያ ስም ይጨመርለታል። ሩምፊየስ የተማረው ከእነዚህ ለቃሚዎችና ከዓሣ አጥማጆች ነው። የላቲኑንና የሆላንድኛውን ስም ሲጽፍ የማላይኛውንና የደሴቲቱን ስም አብሮ ይመዘግብ ነበር።

ከሚያውቋቸው እንስሳት ጥቂቶቹን ላስተዋውቃችሁ። መጀመሪያ እኛው የምናውቀው ትንሹ ዛጎል። እንስሳው በሕይወት ሳለ ከዛጎሉ ሥር ሁለት ስስ የሥጋ መጋረጃዎች ያወጣና ጀርባውን ከግራና ከቀኝ ይሸፍነዋል። ዛጎሉ እንደ መስታወት የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። ካባ የሚመስለው ይህ ሥጋ ከውጭ በኩል አዲስ ሽፋን እየቀባ ከጭረት ይጠብቀዋል። እንስሳው ቀን በኮራል ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ይመገባል። እናቲቱ እንቁላሎቿን በእግሯ ሸፍና እስኪፈለፈሉ ትጠብቃለች። አንቀልባችን ላይ የተሰፋው ዛጎል፣ እንግዲህ፣ ልጆቿን አቅፋ ትጠብቅ የነበረች የአንዲት እናት ቤት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ኮንክ የሚባለው ቤተሰብ ነው። የባሕር ቀንድ አውጣ ይንፏቀቃል ብላችሁ ካሰባችሁ ይህኛው ይዘላል። ከእግሩ ጫፍ ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ ጠንካራ ክዳን አለው፤ አሸዋው ላይ ይተክለውና ራሱን ወደፊት ይወረውራል። ዓይኖቹ በረጃጅም ግንዶች ጫፍ ላይ የተቀመጡ፣ በቀንድ አውጣ ዓለም ግሩም የሚባሉ ዓይኖች ናቸው። በባሕር ሣርና በአሸዋ ላይ እየዞረ ደቃቅ አልጌ ይግጣል። ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ናቸው። ሴቷ ረጅም የእንቁላል ክር በአሸዋ ላይ ትጥላለች፤ በአንዳንድ ዝርያዎች አንዱ ክር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። የሚፈለፈሉት ጨቅላዎች በውኃው ላይ ሲንሳፈፉ ይቆያሉ፤ ከዚያ ወደ ወለሉ ወርደው እውነተኛውን ቤት መሥራት ይጀምራሉ። ዛጎሉ የሚያድገው ጠርዙ ላይ ነው። ካባው ከውኃው የወሰደውን ካልሲየም ከንፈሩ ላይ እየጨመረ ቤቱን በጥምዝምዝ ያሰፋዋል። የመጀመሪያዋ ጠባብ የሕፃንነት ክፍል ጫፉ ላይ እንዳለች ትቀራለች። ቀንድ አውጣ ከተወለደበት ቤት አይወጣም፤ ያሰፋዋል እንጂ።

ሦስተኛው የትሪቶን መለከት የሚባለው ግዙፍ ቀንድ አውጣ ነው። በሞሉካ ደሴቶች እንደ ቀንድ መለከት ይነፋል። ይህ እንስሳ አዳኝ ነው። ኮራልን እየጋጠ የሚያራቁተውን እሾኻማ ኮከብ ዓሣ አሳድዶ ይበላል። ዛጎሉን ለጌጥ ብለን ስንለቅም የኮራሉን ጠባቂ አብረን እናነሳለን ማለት ነው።

በ1670 የሩምፊየስ ዓይን ጠፋ። ያን ጊዜ ብዙ የተጻፈ ነገር በእጁ ነበር፤ ሁሉም በላቲን ነው። ኩባንያው ሊያሰናብተው ይችል ነበር። በባታቪያ የነበሩት ጠቅላይ ገዢ ዮአን ማትሱይከር ግን ደመወዙና ማዕረጉ እንደተጠበቀ እንዲቆይ ፈቀዱለት፤ ወደ አምቦን ከተማም ተዛወረ። ችግሩ ሌላ ነበር። በዚያች ደሴት የሚናገረውን ላቲን ሰምቶ በትክክል የሚጽፍለት ሰው አልነበረም። ስለዚህ የብዙ ዓመት ሥራውን ትቶ በሆላንድኛ እንደገና ጀመረ። ጀርመናዊ ነውና ሆላንድኛ የእናቱ ቋንቋ አልነበረም። በሁለተኛ ቋንቋ የምርምር ወረቀት ለምንጽፍ ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልግም። ለዚያውም እሱ የጻፈውን መልሶ ማንበብ አይችልም።

ዛጎል ግን ለማየት ለተሳነው ሰው ከአበባ ይሻላል። አበባ ይጠወልጋል፤ ቀለሙም በጣት አይዳሰስም። ዛጎል ግን ክብደት፣ ጥምዝምዝ፣ ጥርስ፣ እሾህ፣ ልስላሴና ሸካራነት አለው። ቀለሙንና ጥለቱን ጸሐፊዎቹና ልጁ ፓውል አውጉስት ይነግሩታል፤ ቅርጹን እጁ ይነግረዋል። እንዲህ ባለ ሁኔታ 32 ዓመት ሠራ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን መከራ ሳስብ እንዴት እንደቆመ ይገርመኛል። የካቲት 17 ቀን 1674 ምሽት፣ የቻይናውያን አዲስ ዓመት በሚከበርበት ሰዓት አምቦንን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ሱዛናና አንዲት ሴት ልጃቸው የፈረሰ ግድግዳ ተጭኗቸው ሞቱ። በሂቱ ዳርቻ ደግሞ ባሕሩ ተነሥቶ መንደሮችን ጠራርጎ ወሰደ፤ ከ2,000 በላይ ሰው አለቀ። ሩምፊየስ በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኖ የደረሰውን ነገር በየመንደሩ ለይቶ የሚዘግብ ጽሑፍ አዘጋጀ። ዛሬ ስለ ሱናሚ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች በዚያ አካባቢ በዝርዝር የተጻፈ ቀዳሚ መዝገብ አድርገው ይጠቀሙበታል። ለሚስቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት መታሰቢያ አቆመላት። አንዲት ነጭ የዱር ኦርኪድ በስሟ ሰየመላት፤ አበባዋ ዛሬም በሳይንስ ስሟ ሱዛናን ታስጠራለች።

አሁን ከመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ በላይ ወደያዘኝ ነገር ልውሰዳችሁ። ኮነስ የሚባሉ የባሕር ቀንድ አውጣዎች አሉ። ቅርጻቸው ሾጣጣ፣ ጥለታቸው እጅግ ያማረ ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ ያለው ሥዕል በሸማኔ እጅ የተጠለፈ ይመስላል። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በእነሱ ነው። ሩምፊየስ አንዷ በእጅ የያዛትን ሰው እንደምትገድል መዘገበ። የሞተችው በባንዳ በባርነት የምትኖር ሴት ነበረች። መረብ ሲጎተት ያገኘቻትን ቀንድ አውጣ በእጇ ይዛ ወደ ዳርቻው ስትሄድ መዳፏ ውስጥ ቀለል ያለ ማሳከክ ተሰማት፤ ማሳከኩ ክንዷን ወጥቶ ሰውነቷን ሁሉ አዳረሰ፤ እሷም ሞተች። በኮነስ መርዝ ሰው እንደሞተ የሚናገረው የመጀመሪያው የታወቀ የጽሑፍ ማስረጃ ይህ ነው።

የሴቲቱ ስም አልተጻፈም። ሩምፊየስ ለእያንዳንዱ ዛጎል ሦስትና አራት ስም ሲመዘግብ ለእሷ አንድም አልመዘገበላትም። ባንዳ ላይ የነበረችው የደሴቲቱ ሕዝብ ተፈጅቶ በባርነት የተያዙ ሰዎች ስለተተኩ ነው። እኔ ይህን ታሪክ የምተርከው ሩምፊየስን ለማድነቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህቺን ሴት ዘልዬ አልፍ ነበር። ግን እሷም የዚህ ሳይንስ ታሪክ አካል ናት።

እንስሳው ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? ብዙ ቀንድ አውጣዎች ራዱላ የሚባል፣ እንደ ሞረድ የሚፍቅ ምላስ አላቸው። ኮነስ ይህን ምላስ ወደ ጦር መሣሪያ ለውጦታል። እያንዳንዱ ጥርስ ውስጡ ክፍት የሆነ መርፌ ነው፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ የተሳለ ነው። ቀንድ አውጣው ቀስ ብሎ ቱቦ የመሰለ አፉን ይዘረጋል፤ ታዳኙን ሲነካ መርፌውን ይወጋና መርዙን ይለቃል። አንዳንዱ ዝርያ ትል፣ አንዳንዱ ሌላ ቀንድ አውጣ፣ አንዳንዱ ደግሞ ዓሣ ያድናል። በዝግታ የሚሄድ እንስሳ ፈጣኑን ዓሣ ለመብላት የግድ በቅጽበት ሽባ የሚያደርግ መርዝ ያስፈልገዋል። መርዙም አንድ ነገር ሳይሆን የብዙ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ድብልቅ ነው፤ እያንዳንዱ በነርቭ ላይ የተለየ በር ይዘጋል ወይም ይከፍታል። እስካሁን ማርከሻ አልተገኘለትም።

ከ300 ዓመት በኋላ ይኸው መርዝ መድኃኒት ሆነ። በፊሊፒንስ የተወለዱት ባልዶሜሮ ኦሊቬራ በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ የኮነስን መርዝ ክፍል በክፍል እየለዩ ያጠኑ ነበር። ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰው ማይክል ማኪንቶሽ በቤተ ሙከራቸው ውስጥ ሲሠራ ከአንደኛው ዝርያ አንድ ቅንጣት ለየ። ከእሱ የተገኘው ዚኮኖታይድ የሚባል መድኃኒት በ2004 በአሜሪካ ተፈቀደ። ሌላ ነገር ያላስታገሠውን ብርቱ ሕመም ለማስታገሥ በአከርካሪ አካባቢ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይሰጣል፤ ሞርፊን ከሚሠራበት መንገድ በተለየ መንገድ ይሠራል። በእኛ መካከል ሰኔ ላይ ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ መስከረም ላይ ኮሌጅ የገባችሁ አላችሁ። ቤተ ሙከራ ገብቼ ምን ልሠራ እችላለሁ የሚል ጥያቄ ካላችሁ ይህን ወጣት አስቡ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀረብ የሚል ሌላም ነገር ሩምፊየስ ጽፏል። አንዳንድ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ወደ ቤታቸው ሲገቡ በራቸውን የሚዘጉበት ክዳን አላቸው። ይህ ክዳን ተፈጭቶ ከዕጣን ጋር ይጨሳል። ሩምፊየስ የክዳኑን ዓይነቶች ለይቶ፣ እንዴት ተዘጋጅቶ ከሌላ ሽቶ ጋር እንደሚቀላቀል አስረድቷል። ለብቻው ሲጨስ ሽታው እምብዛም ደስ አይልም፤ ከሌላው ጋር ሲሆን ግን የድብልቁን መዓዛ ያጠነክራል። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎች በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ለቅዱሱ ዕጣን ከተዘረዘሩት ቅመሞች አንዱ ይህ የቀንድ አውጣ ክዳን ነው ብለው ያምናሉ። ጭቃ ላይ የሚንፏቀቅ እንስሳ በር በቤተ መቅደስ ሲጨስ ማሰብ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የሩምፊየስ ፈተና በዚህ አላበቃም። በ1682 ለብዙ ዓመታት ያሰባሰባቸው ዛጎሎች ለቶስካና መስፍን ለኮዚሞ ሦስተኛ ደ ሜዲቺ ተሸጠው ወደ ፍሎረንስ ሄዱ። በጣቶቹ የሚያነባቸው ገጾች ከእጁ ወጡ ማለት ነው። ጥር 11 ቀን 1687 አምቦን ከተማ ላይ እሳት ተነሣ። ቤተ መጻሕፍቱና ለዕፀዋት መጽሐፉ የተዘጋጁት ሥዕሎች ተቃጠሉ። ሥዕሎቹን እንደገና አሠራ። በ1692 የመጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍሎች ጭና ወደ ሆላንድ ስትጓዝ የነበረችውን ዋተርላንድ የተባለች መርከብ ፈረንሳዮች አሰጠሟት። ደግነቱ ጠቅላይ ገዢ የነበሩት ዮሃንስ ካምፕሁይስ ጽሑፉ ከመጫኑ በፊት አስገልብጠውት ነበር። በ1695 ደግሞ ከጽሕፈት ቤቱ ሥዕሎች ተሰረቁበት። የዕፀዋቱ ሥራ በመጨረሻ ሆላንድ ሲደርስ ኩባንያው ሳይታተም ያዘው፤ መታተም የጀመረው በ1741 ነው።

ሩምፊየስ ሰኔ 15 ቀን 1702 በአምቦን ሞተ፤ ዕድሜው 74 ገደማ ነበር። ከታላላቅ መጽሐፎቹ አንዱንም ታትሞ አልዳሰሰም። የዛጎሎቹ መጽሐፍ፣ የአምቦን የብርቅ ነገሮች ክፍል የሚል ትርጉም ያለው ሥራ፣ በ1699 ዴልፍት ለሚኖር ወዳጁ ለሄንድሪክ ዳኬ ተልኮ ነበር። በ1705 አምስተርዳም ውስጥ ታተመ። ብዙዎቹን ሥዕሎች የሠራችው በነፍሳት ምርምሯ የታወቀችው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እንደሆነች ይነገራል። ሥዕሎቹ የተሠሩት አምስተርዳምና አካባቢው ከነበሩ ስብስቦች ሲሆን፣ ቃሉ ግን የእሱ ነው። ካርል ሊኔየስ በ1758 ለእንስሳት ሁለት ክፍል ያለውን የሳይንስ ስም ሲሰጥ ስለ ምሥራቁ ባሕር ቀንድ አውጣዎች ደጋግሞ የጠቀሰው ይህንኑ መጽሐፍ ነው። ዓይናማው የስዊድን ሊቅ ያላየውን ባሕር ያየው በዓይነ ስውሩ ሰው በኩል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ሕይወት እኔ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ማወቅ ማለት ዕቃውን መያዝ ሳይሆን ዕቃው የማን ቤት እንደነበር መጠየቅ ነው። ጥያቄው ለዛሬም ይሠራል። በካሪቢያን ባሕር የሚኖረው ንግሥት ኮንክ ለሥጋውና ለዛጎሉ ሲባል እጅግ ስለታደነ ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እነዚህ ቀርፋፋ እንስሳት እጅግ ከተራራቁ ወንዱ ሴቷን ማግኘት ያቅተዋል፤ ባሕሩ ውስጥ ጥቂቶች ቢቀሩም መራባት ይቆማል። ፍሎሪዳ፣ ምፅዋም ሆነ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዳርቻ ስትሄዱ የምታገኙት ዛጎል ውስጥ ነዋሪ ካለ መልሳችሁ በነበረበት አኑሩት። ባዶ የመሰለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሸርጣን ተከራይቶበታል።

ሌላም የቤት ሥራ አለን። ሩምፊየስ የአምቦን ሴቶች ለእያንዳንዱ ቢያ የሰጡትን ስም ባይመዘግብ ኖሮ ከእነዚያ ስሞች ብዙዎቹ ዛሬ ባልታወቁ ነበር። እኛም ባሕር ባይኖረን የወፍ፣ የሣር፣ የዛፍና የነፍሳት ስም የሚያውቁ እናቶችና አባቶች አሉን። በየሄድንበት አገር የላቲኑን ስም እየተማርን ነው፤ ጥሩ ነው። ለበዓል ወይም ለዕረፍት ስትደውሉ ግን አያቶቻችሁን የአንድ ወፍ፣ የአንድ ሣር ስም ጠይቁ፤ ጻፉት፤ የነገራችሁን ሰው ስምም አብራችሁ ጻፉ። ሩምፊየስ ያላደረገው ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ነው።